ካርታ፦ የመጫወቻ ወረቀት ታሪክና ለመማሪያ ክፍል ያለው ትርጉም

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንጦጦን በማቋረጥ በጎጃም መንገድ የሚጓዝ ሰው የሱሉልታን ሜዳ አልፎ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ጫንጮ ከተማ ይደርሳል። በጫንጮም ሆነ እንደ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ባሉት ዋና ከተማይቱን በከበቡ ከተሞች «ካርታ» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል። ለባለይዞታው ካርታ ማለት የቦታ ማረጋገጫ ሰነድ ነው፤ «ቦታው ካርታ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የሚወሰንበት ጥያቄ ነው። ለጂኦግራፊ መምህር ካርታ ማለት በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የምድር ሥዕል ነው። ለወጣቱ ደግሞ ካርታ ማለት ተበውዞ የሚታደለው የ52 ወረቀቶች ጥቅል ነው። የመጀመሪያው በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው በትምህርት ቤት ይሰቀላል፤ ሦስተኛው ግን በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ ከተገኘ በመምህር ይነጠቃል።

መምህሩ የመጫወቻውን ካርታ የሚነጥቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ካርታ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከቁማር ጋር ተያይዞ የሚታይ ሲሆን፣ ቁማርም የተማሪን ጊዜና የወላጅን ገንዘብ እንደሚያጠፋ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የመጫወቻ ካርታ ታሪክ ሲመረመር፣ ይኸው ወረቀት ከቁማር ባላነሰ ዕድሜ የመምህራን መሣሪያ ሆኖ መቆየቱ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ታሪክ በአጭሩ አቅርቦ፣ ከታሪኩ ለመማሪያ ክፍል የሚገኘውን ቁም ነገር ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የውጭ አገር ታሪክ ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገር ውስጥ ዘመናት ደግሞ «ዓ.ም.» እየተባለ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልክተዋል።

የቃሉ ዘር

«ካርታ» ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ወረቀት ማለት ነው። የጣልያንኛው ቃል ከላቲን፣ የላቲኑም በበኩሉ ከግሪክኛ የተወረሰ ነው። ግሪኮች «ካርቴስ» ይሉት የነበረው ከፓፒረስ የሚሠራውን መጻፊያ ነበር። ከዚሁ ግንድ የበቀለው «ክርታስ» የተባለው ቃል በግዕዝ መጻሕፍት ይገኛል። በመሆኑም ክርታስ፣ ካርታ፣ ካርቶን፣ እንዲሁም ተማሪው በየሴሚስተሩ መጨረሻ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው «ካርድ» የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቁማር የሚለው ቃል ግን ከዚህ ዘር አይደለም፤ የመጣው ከዐረብኛ ነው። ስለዚህ በቋንቋው ምስክርነት ካርታና ቁማር ጎረቤታሞች እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም ማለት ይቻላል።

ከቻይና እስከ አውሮፓ

የመጫወቻ ካርታ መነሻ ወረቀትም ኅትመትም ቀድመው የታወቁባት ቻይና ናት። ከቻይና ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ቅርጹ እየተለዋወጠ የእስላሙን ዓለም አቋርጦ ግብፅ ደረሰ። በግብፅ በማምሉኮች ዘመን የተሠራ፣ ዕድሜው 15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የሚገመት ጥቅል ዛሬ ኢስታንቡል በሚገኘው በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል። ይህን ጥቅል በ1931 ያገኘው ሊዮ ማየር የተባለ የእስላም ሥነ ጥበብ አጥኚ ነው። ምልክቶቹ ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና በፈረስ ላይ ለሚደረገው የፖሎ ጨዋታ የሚያገለግለው ዱላ ሲሆኑ፣ ከቁጥሮቹ በላይ የሚቆሙት ማዕረጎች ንጉሥ፣ የንጉሥ እንደራሴና ሁለተኛ እንደራሴ ናቸው። በወረቀቶቹ ላይ የሰው መልክ አልተሣለም፤ ማዕረጎቹ የሚታወቁት በጽሑፍና በጌጥ ነው። እስፓኞች ለመጫወቻ ካርታ የሚሰጡት ስም እንደራሴ ማለት ከሆነው «ናኢብ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ መሆኑ የጉዞውን አቅጣጫ ያሳያል።

ካርታ በአውሮፓ ጽሑፎች ውስጥ በግልጽ መታየት የጀመረው በ1370ዎቹ ነው። ከእነዚህ ዓመታት ሁሉ 1377 ለመምህራን የተለየ ትርጉም አለው። በዚያው ዓመት የፍሎረንስ ከተማ አስተዳደር ጨዋታውን የሚከለክል ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ በራይን ወንዝ አካባቢ ይኖር የነበረ ዮሐንስ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ ስለ ካርታ አንድ ድርሰት ጻፈ። መነኩሴው በጥቅሉ ውስጥ ያሉትን ነገሥታት፣ ሹማምንትና ቁጥሮች እንደ ማኅበራዊ ኑሮ ሥዕል በመውሰድ፣ ንጉሥ ለሕዝቡ፣ ሠራተኛውም ለሙያው ያለበትን ግዴታ አስተማረባቸው። እንግዲህ ካርታ አውሮፓ በገባ ማግሥት አንዱ ከለከለው፤ ሌላው አስተማረበት። ይህ ክርክር ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም።

የካርታ መስፋፋት ከንድፉ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ ጥቅሎች በእጅ የተሣሉና በወርቅ ቀለም ያጌጡ በመሆናቸው የመሳፍንት ንብረት ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከእንጨት በተቀረጸ ማኅተም ማተም ሲጀመር ዋጋቸው ወረደ። ቆይቶም በ1480 ገደማ የፈረንሳይ ሠሪዎች ምልክቶቹን ወደ አራት ቀላል ቅርጾች ለወጧቸው፤ እነዚህም ቀይ ልብ፣ ቀይ ዳይመንድ፣ ጥቁር የጦር ጫፍ መሰልና ጥቁር ባለ ሦስት ቅጠል ናቸው። እነዚህ ቅርጾች ጥልቅ ሥዕል ስለማይሹ፣ ቅርጹ በተቀደደ ወረቀት ላይ ቀለም በመቀባት ብቻ በብዛት ሊባዙ ቻሉ። ዛሬ በጫንጮ ሱቅ የሚሸጠው ጥቅል የዚህ ቀላል ንድፍ ወራሽ ነው። ከሁሉም የተስፋፋው ንድፍ እጅግ ያማረው ሳይሆን ማንም ሊያባዛው የሚችለው መሆኑን የትምህርት መርጃ አዘጋጅ ሊያስተውለው ይገባል።

ካርታ በመምህር እጅ

ካርታን ሆን ብለው ለመደበኛ ትምህርት ካዋሉት ሰዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚጠቀሰው ቶማስ ሙርነር የተባለው የፍራንቸስካን መነኩሴ ነው። ሙርነር በፖላንድ በክራኮው ከተማ ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ተማሪዎች እጅግ የሚከብዳቸውን የሎጂክ ትምህርት በሥዕል ካርታዎች ከፋፍሎ በ1507 አሳተመ። ምልክቶቹ እንደ ደወል፣ ዓሣና ጊንጥ የመሳሰሉ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ሥዕል የትምህርቱን አንድ ክፍል እንዲያስታውስ የተዘጋጀ ነበር። ተማሪዎቹ ትምህርቱን በአጭር ጊዜ በማወቃቸው መምህሩ በአስማት ሳይጠረጠር አልቀረም፤ ዘዴውንም ለዩኒቨርሲቲው መምህራን ገልጦ ካሳየ በኋላ ምስጋና አገኘበት።

በ1590 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ዊልያም ቦውዝ በሚል ስም የሚታወቅ ጥቅል ወጣ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝና የዌልስ አውራጃዎች ቁጥር 52 ነበር፤ የአንድ ጥቅል ወረቀቶችም 52 ናቸው። ይህ መገጣጠም ለእያንዳንዱ አውራጃ አንድ ወረቀት እንዲሰጥና ትንሽ የአውራጃው ካርታ እንዲሣልበት ምክንያት ሆነ። በ1676 ሮበርት ሞርደን ይህንኑ ሐሳብ ይበልጥ አሻሽሎ አቀረበው። በዚህ ሁኔታ በአማርኛ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የምድር ካርታና የመጫወቻ ካርታ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

በ1644 በፈረንሳይ ካርዲናል ማዛሬን ገና ሕፃን ለነበረው ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አራት ጥቅሎች እንዲዘጋጁ አደረገ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ባለቅኔው ዴማሬ ደ ሴን ሶርለን፣ ሥዕሉን የቀረጸው ጣልያናዊው ስቴፋኖ ዴላ ቤላ ነበር። አንደኛው ጥቅል የፈረንሳይ ነገሥታትን፣ ሁለተኛው ስመ ጥር ንግሥታትን፣ ሦስተኛው ጂኦግራፊን፣ አራተኛው ጥንታዊ ተረቶችን ያስተምር ነበር። በጂኦግራፊው ጥቅል አራቱ ምልክቶች በአራት አህጉሮች ተተክተው፣ እያንዳንዱ አገር በሰው አምሳል ተሥሏል።

ከዚህም በላይ ካርታ የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ አብሮ የሚለወጥ የትምህርት ወረቀት ሆኖ ታይቷል። የፈረንሳይ አብዮት በተፋፋመበት በ1793 ዦምና ዱጉር የተባሉ ሰዎች ነገሥታቱን በመናፍስት፣ ንግሥታቱን በነፃነቶች፣ ባለሟሎቹን በእኩልነቶች የሚተካ ጥቅል አወጡ። ተጫዋቾች ግን ብዙም ሳይቆዩ ወደ ለመዷቸው ነገሥታት ተመለሱ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ትምህርት የጨዋታው አካል ካልሆነ በቀር ተጫዋቹ ሳያነበው ያልፋል ማለት ነው።

ዕውቀቱ ራሱ ጨዋታ ሲሆን

ከላይ የተጠቀሱት ጥቅሎች አንድ የጋራ ድክመት አላቸው። በቦውዝም ሆነ በማዛሬን ጥቅል ላይ ትምህርቱ የተጻፈው በወረቀቱ ፊት ላይ እንደ ጌጥ ነው፤ ለማሸነፍ ግን ቁጥሩንና ምልክቱን ማወቅ ብቻ ይበቃል። ስለ አንድ አውራጃ ምንም ሳያውቁ በዚያ አውራጃ ወረቀት ጨዋታን ማሸነፍ ይቻላል። ስለሆነም አብዛኞቹ እነዚህ ጥቅሎች ውለው አድረው የሰብሳቢዎች ንብረት ሆነዋል።

ይህን ድክመት ያስወገደው በ19ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋው የቤተሰብ ካርታ ነው። በ1851 የለንደኑ ጄክስ ኩባንያ እያንዳንዱ ቤተሰብ አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ያሉበትን ጥቅል አቀረበ። በ1861 በአሜሪካ በሴለም ከተማ የታተመው ጥቅል ደግሞ ደራስያንን ከሥራዎቻቸው ጋር ያዛምድ ነበር። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ተጫዋቹ በእጁ የሌለውን ወረቀት በስሙ ጠርቶ ከጓደኛው ይጠይቃል፤ ስሙን የማያውቅ ሊጠይቅ አይችልም፤ ያልጠየቀም አያሸንፍም። ገንዘብ አይያዝም፤ የሚያዘው ዕውቀት ነው። በጨዋታ ለማስተማር የሚያስብ ሰው ከመጫወቻ ካርታ ታሪክ የሚያገኘው ዋናው ትምህርት ይህ ነው።

ጨዋታ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ በመቀመጫ ጨዋታ ረገድ ባዶ እጇን የነበረች አገር አይደለችም። ከፋርስና ከዐረብ ቃል የተወረሰ ስም ያለው ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥት ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለው የቬኒስ ሰው በሰበሰባቸው የጉዞ መረጃዎች ውስጥ፣ ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለው ከቬኒስ የመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በትግራይ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ጨዋታውን ተመልክቷል። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል የራሱ መክፈቻ አለው፤ ይኸውም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን የሚያሰልፉበት ጊዜ ነው። ከሰንጠረዥ ይልቅ በሕዝቡ ዘንድ የተስፋፋው ገበጣ ሲሆን፣ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር ወይም በፍሬ መጫወት ስለሚቻል እረኛውም መኰንኑም እኩል የሚያገኙት ጨዋታ ነው። ገበጣ መቁጠርን፣ ማካፈልንና አስቀድሞ ማስላትን እንደሚያለማምድ ማንም የተጫወተው ሰው ያውቃል።

ካርታ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር አዲስ መጥ ነው። ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛ ሲሆን፣ በ1928–1933 ዓ.ም. የወረራ ዘመን እንደ ጎማ፣ ፓስታና ፉርኖ ያሉት ቃላት በከተማው ሕዝብ አንደበት እየተለመዱ ሄደዋል። ሕዝቡ ግን ጨዋታውን እንደ ተቀበለው አልተወውም፤ የራሱን ቋንቋ አለበሰው። ካርታ ይበወዛል፣ ይታደላል፣ ይሳባል። «ብወዛ» የሚለው ቃልም ከጨዋታው አልፎ የሹማምንትን መቀያየር ለመግለጽ አገልግሏል። ተመሳሳይ ወይም ተከታታይ ወረቀቶችን በመሰብሰብ የሚከናወነው «ኮንከር» በበዓል ቀን ዘመድ ተሰብስቦ የሚጫወተው የታወቀ ጨዋታ ሆኗል።

የቁማሩ ጉዳይ ግን ሊሸፋፈን አይገባውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሕገ ወጥ ቁማርን ይከለክላል፤ መምህርና ወላጅም ልጆችን ከዚህ የመጠበቅ ኃላፊነት አለባቸው። ነገር ግን ጥፋቱ ያለው በሚያዘው ገንዘብ እንጂ በወረቀቱ አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ጠጠር ተወርውሮም፣ ሳንቲም ተሽከርክሮም ቁማር ይደረጋል፤ ስለዚህ ተብሎ ግን ጠጠር ከሒሳብ ትምህርት አልተወገደም። ፓስካልና ፌርማ በ1654 በጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ለዕድል ስሌት መሠረት የጣሉት ከቁማር በተነሣ ጥያቄ ነው። ዛሬም የዕድል ስሌት ሲማሩ ከ52 ወረቀቶች መካከል ቀይ ወይም ንጉሥ የመውጣቱን ዕድል ማስላት የተለመደ ምሳሌ ነው። ጥቅሉን አይቶ የማያውቅ ተማሪ፣ በተለይም እንዳይነካው የተከለከለች የገጠር ልጅ፣ በዚህ ምሳሌ ላይ ከሒሳቡ በፊት በዕቃው ትሰናከላለች።

ፊደል እንደ ካርታ

የአማርኛ ፊደል ገበታ በጥሞና ሲታይ ራሱ የካርታ ጥቅል ይመስላል። በተለመደው አቆጣጠር 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ አላቸው፤ ድምሩ 231 ይሆናል። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሳልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ እንደ ካርታ ምልክቶች ሲቆጠሩ፣ የ«ለ» ዘሮች ሰባት አባላት ያሉት አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ። በእጁ «ለ»፣ «ሊ» እና «ሎ» የያዘ ልጅ «ሉ»ን ለማግኘት ድምፁን አስተካክሎ ጓደኛውን መጠየቅ ይኖርበታል። ለጀማሪዎች አምስት ቤተሰብ፣ ማለትም 35 ወረቀት ብቻ መርጦ መጀመር ይቻላል። ገበታውን በዜማ በቃሉ የያዘ ልጅ ብዙ ጊዜ ፊደሉን ከተራው ውጭ ሲያየው ይስተዋል፤ የተበወዘ ካርታ ግን ተራ ስለሌለው፣ በእርግጥ ያወቀውን በዜማ ብቻ ከሚከተለው ይለያል።

ይህ ዘዴ ጫንጮን ለመሳሰሉ ከተሞች የተለየ ጥቅም ይኖረዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመወሰኑ፣ የአካባቢው ልጆች በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ይማራሉ፤ አማርኛን ደግሞ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይቀበላሉ። በአንድ ወገኑ የአንድ ዕቃ ስም በቁቤ፣ በሌላው ወገን በፊደል የተጻፈበት ካርታ ለሁለቱም ቋንቋ ያገለግላል። በቁቤ የአናባቢ ማጠርና መርዘም ትርጉም ስለሚለውጥ፣ አጭሩንና ረጅሙን ጥንድ አድርጎ ማዛመድ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። በተጨማሪም ለዓይነ ስውራን ትምህርት የረጅም ዘመን ስም ባላት በሰበታ፣ በወረቀቱ ማዕዘን ላይ ብሬል በመጠቅጠቅ የሚያይና የማያይ ልጅ በአንድ ጥቅል አብረው እንዲጫወቱ ማድረግ ይቻላል።

የዝግጅቱ ወጪም የሚያስፈራ አይደለም። የፈረንሳይ ሠሪዎች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጠቀሙበት ቅርጹ የተቀደደ ወረቀት፣ ያገለገለ ካርቶን፣ መቀስና ሁለት ቀለም ይበቃል። ቀደም ሲል በየአውራጃው የትምህርት መርጃ ማዕከላት ከአካባቢ ቁሳቁስ መሣሪያ የማዘጋጀት ልምድ እንደነበረ የሚታወቅ ነው። ንድፉን ተማሪዎች ራሳቸው ቢሠሩት ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል፤ ምን ከምን ጋር እንደሚዛመድ ለመወሰን ትምህርቱን አስቀድሞ መረዳት ግድ ነውና። የጫንጮ ልጅ በነገሥታት ፋንታ የወተት ላምን፣ የሣር ክምርንና የገበያን ሥዕል ቢያስገባ፣ ጨዋታው ከሚያውቀው ኑሮ ወደማያውቀው ትምህርት ይወስደዋል።

የማሰባሰብ ተግባር

የካርታ ታሪክ ሊጻፍ የቻለው የሰበሰቡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ካርታ የሚጫወቱበት ዕቃ በመሆኑ ያረጃል፣ ይጣላል። ከጥንታውያኑ ብዙዎቹ የተገኙት ዋጋ እንደሌለው ወረቀት ተቆጥረው በመጻሕፍት ሽፋን ውስጥ ከተለጠፉበት ነው። እንግሊዛዊቱ ወይዘሮ ሻርሎት ሽራይበር በዕድሜ ልክ ያሰባሰቧቸው ካርታዎች በ1895 ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ባይገቡ ኖሮ ብዙ ማስረጃ በጠፋ ነበር።

በአገራችንም ማርሴል ግሪዮል በ1935 ስለ አበሻ ጨዋታዎች ያሳተመው መጽሐፍ፣ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ሰንጠረዥ ያወጧቸው ጥናቶች ብዙ ዕውቀት ከመጥፋት አድነዋል። የካርታ ጨዋታዎች ግን ገና በዚህ መልክ አልተሰበሰቡም። የየአካባቢው የጨዋታ ስም፣ የአጨዋወቱ ደንብ፣ የምልክቶቹ መጠሪያና የቃላቱ ትርጉም በአረጋውያን አንደበት ብቻ ይገኛል። የመምህራን ኮሌጅ እጩ መምህራን ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲወጡ፣ የየአካባቢውን ገበጣና ካርታ ደንብ መዝግበው እንዲመለሱ ቢደረግ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁም ለታሪክ አጥኚውም የሚጠቅም መዝገብ ይገኛል።

ማጠቃለያ

የመጫወቻ ካርታ ስድስት መቶ ተኩል ዓመት ያህል ሲከለከልና ሲያስተምር ኖሯል። ክልከላው ጨዋታውን አላጠፋውም፤ ጌጥ ብቻ የሆነው ትምህርትም ጨዋታውን አልለወጠውም። ውጤት የታየው ዕውቀቱ ራሱ የማሸነፊያ መንገድ በተደረገበት ጊዜ ነው። ስለሆነም ለመምህሩ የሚቀርበው ሐሳብ ሁለት ወገን አለው። ገንዘብ የተያዘበትን ካርታ መንጠቁ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ በባዶው የልጅ እጅ ላይ ሌላ ካርታ ማኖር አለበት። ለዕቅድ አውጪውም የመጽሐፍ እጥረት ባለበትና ክፍሉ በተጨናነቀበት ትምህርት ቤት፣ ከካርቶን የተቆረጡ 35 ወረቀቶች ስድስት ልጆችን በአንድ ጊዜ እንደሚያናግሩ ማስገንዘብ ያስፈልጋል። በየትኛውም ክፍለ ጊዜ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትናገር ወደ ቤቷ የምትመለስ ልጅ፣ ተራዋ ደርሶ «ሉ አለህ?» ብላ የምትጠይቅበት ቀን ለእርሷ የትምህርት መጀመሪያ ሊሆን ይችላልና።